የት እንደ ቆመ የሚያሳይ ሥዕል

ዛሬ የምንነጋገርበት መሣሪያ ስክሪን ላይ ሲታይ የሚያስፈራ ነገር የለውም። መሐሉ ሰፊ ባዶ ሰሌዳ ነው፤ በጎኑ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንዱ ሳጥን «ኢሜይል ሲደርስ» ይላል፤ ሌላው «በሠንጠረዥ ላይ መዝግብ»፣ ሌላው «ገንዘቡ ከዚህ በላይ ከሆነ»፣ ሌላው «መልእክት ላክ»። ሠራተኛው የሚፈልጋቸውን ሳጥኖች በማውስ እየጎተተ ሰሌዳው ላይ ያስቀምጣል፤ በመስመር ያያይዛቸዋል፤ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀንም ሌሊትም ያለ ሰው እጅ ይሄዳል። ዛፒየር፣ ሜክ፣ ኤንኤይትኤን፣ ኖድ-ሬድ፣ የማይክሮሶፍት ፓወር አውቶሜት በዝርዝራቸው ቢለያዩም አሳባቸው ይኸው ነው። ሻጮቻቸውም ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ማንም ሰው ሥራውን አውቶማቲክ ማድረግ ይችላል። ይህ ተስፋ ከመሣሪያው ጥቅሞች ሁሉ ደካማው ነው ብዬ ነው ዛሬ የምከራከረው። ፕሮግራም መሥራትን ከባድ ያደረገው ኮድ መተየቡ ሆኖ አያውቅም፤ ከባዱ፣ ነገሮች እንዳሰብናቸው ሳይሆኑ ሲቀሩ ምን መደረግ እንዳለበት አስቀድሞ ማሰቡ ነው፤ ያ ደግሞ በሳጥንም ቢሆን ያው ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ይገኛል። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚሣለው ሥዕልና የሚሠራው ሥራ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው ሲቆም የት እንደ ቆመ ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው በዓይኑ ሊያይ ይችላል። መሣሪያውን መመዘን ያለብን በዚህ ነው።

የሥራ ሂደትን በሥዕል ማስቀመጥ ራሱ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍራንክ ጊልብረትና ባለቤቱ ሊሊያን ጊልብረት ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረቡት ጽሑፍ፣ አንድ ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በምልክት የሚያሳይ ንድፍ አስተዋወቁ። ማኅበሩ በ1947 አምስት ምልክቶችን መርጦ መደበኛ አደረጋቸው፦ ሥራ፣ ፍተሻ፣ ማጓጓዝ፣ መጠበቅና ማከማቸት። ከአምስቱ ሁለቱ ምንም የማይሠራባቸው መሆናቸውን ልብ በሉ፤ «ሥራ ላይ ነው» ከሚባለው ጊዜ ብዙው በመጠበቅ እንደሚያልፍ መሐንዲሶቹ አውቀውት ነበር። በዚያው ዓመት ፕሪንስተን ላይ ኸርማን ጎልድስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ለኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር የሚሰጠውን ትእዛዝ ቅደም ተከተል በሳጥንና በቀስት ማሳየት ጀመሩ፤ ፍሎውቻርት የምንለው ንድፍ ወደ ኮምፒዩተር ዓለም የገባው በዚህ በር ነው። ግን ሁለቱም ሥዕሎች አንድ ጉድለት ነበረባቸው። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ነው፤ ሥራው ሌላ ቦታ ነው። የአይቢኤምን ትልቅ የሥርዓተ ክወና ፕሮጀክት የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ፍሎውቻርትን ከልክ በላይ የተወደሰ ሰነድ አድርጎ አቅርቦታል። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በተግባር መጀመሪያ ኮዱን ይጽፋሉ፤ ድርጅቱ ሥዕል ካዘዘ ደግሞ ኮዱ ካለቀ በኋላ ይሥሉለታል። ለአለቃ ተብሎ የተሣለ ሥዕል ኮዱ ሲለወጥ አብሮት አይለወጥም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለፈውን ብቻ የሚናገር ሰነድ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ኢትዮጵያውያን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። ማይክል ሃመር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈውና በኋላም ከጄምስ ቻምፒ ጋር በ1993 በመጽሐፍ ያስፋፋው የሥራ ሂደት ለውጥ አሳብ ወደ እኛ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በኩል ሲገባ፣ ቢፒአር የሚለው ስም ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ ተሰማ። «የሥራ ሂደት»፣ «ዋና የሥራ ሂደት»፣ «ደጋፊ የሥራ ሂደት»፣ «የሂደት ባለቤት» የሚሉት አጠራሮች የቢሮ ቋንቋ የሆኑት ያኔ ነው። ቡድኖች ተቋቁመው ነባሩን አሠራር በሳጥንና በቀስት ሣሉ፤ አንድ ጉዳይ ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቆጠሩ፤ ከዚያ አዲሱን አሠራር ሣሉ። የአገልግሎት ጊዜያቸውን በእጅጉ ያሳጠሩ መሥሪያ ቤቶች እንደ ነበሩ አይካድም። ነባሩን አሠራር መሣል ብቻውን ብዙ አስተምሯል፤ አንድ ወረቀት ምንም ሳይጨመርበት ለፊርማ ብቻ ሦስት ክፍል እንደሚዞር በሥዕል ሲታይ የሚሟገትለት ሰው ያጣል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሥዕል በጥራዝ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው ግን ጠረጴዛ ላይ ቀጠለ። ሁለቱ ሲለያዩ መለያየታቸውን የሚናገር ነገር አልነበረም፤ ጥራዙ ዝም ይላል፤ ባለጉዳዩም ጥራዙን አይቶት አያውቅም።

ሥዕሉና ሥራው በእርግጥ አንድ የሆኑበትን ቦታ ለማግኘት ከቢሮ ወጥቶ ፋብሪካ መግባት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀነራል ሞተርስ የመኪና ማርሽ የሚሠራው ሃይድራማቲክ ክፍል አንድ ችግር ነበረበት። ማሽኖቹን የሚያዝዙት ግድግዳ ሙሉ የሆኑ የሪሌይ ሰሌዳዎች ነበሩ፤ ሪሌይ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚዘጋ ወይም የሚከፈት መቀያየሪያ ነው። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሽቦው ሁሉ እንደገና መታሰር ነበረበት፤ አንድ ሪሌይ ሲበላሽም የትኛው እንደ ሆነ መፈለግ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ክፍሉ በሽቦ ምትክ በፕሮግራም የሚታዘዝ መሣሪያ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ዲክ ሞርሊ የነበረበት ቤድፎርድ አሶሲየትስ ሞዲኮን 084 የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ፤ 084 የሚለው ቁጥር የኩባንያው ሰማንያ አራተኛ ፕሮጀክት መሆኑን የሚያመለክት ነው። የሚያስደንቀው ግን ፕሮግራሙ የተጻፈበት መንገድ ነው። ፋብሪካውን የሚጠግኑት ኤሌክትሪሻኖች ነበሩ፤ ኮድ የማንበብ ልምድ አልነበራቸውም፤ የሪሌይ ንድፍ ግን በእንቅልፋቸውም ያነቡታል። ስለዚህ የፕሮግራሙ ቋንቋ ያው የለመዱት ንድፍ እንዲሆን ተደረገ፦ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል እርከን የተዘረጉ አግዳሚዎች፣ በአግዳሚዎቹ ላይ መቀያየሪያዎች። ላደር ዲያግራም የሚባለው ይህ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎታል፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃም ከተፈቀዱት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፣ ዛሬም ውኃ ማጣሪያና ጠርሙስ መሙያ ፋብሪካዎች ውስጥ ይሠራል።

ላደር ዲያግራም ይህን ያህል የቆየው ፕሮግራመሮች ስለ ወደዱት አይደለም፤ አብዛኞቹ አይወዱትም። የቆየው ማሽን ሌሊት ሲቆም ስለሚያገለግል ነው። ተረኛው ኤሌክትሪሻን ኮምፒዩተሩን ሲያገናኝ ያው ሥዕል ይወጣለታል፤ ኤሌክትሪክ ያለፈባቸው መቀያየሪያዎች ቀለማቸው ተለውጦ ይታያሉ፤ ያላለፈበት እንደ ደበዘዘ ይቀራል። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ይሄድና የደበዘዘው ላይ ይደርሳል፦ የደኅንነት በሩ አልተዘጋም፣ ወይም ሴንሰሩ ጠርሙሱን አላየም። ፕሮግራሙን የጻፈውን መሐንዲስ ከእንቅልፉ መቀስቀስ አላስፈለገውም። እዚህ ላይ ሥዕሉ ለማስረዳት ወይም ለማስደሰት የተሣለ አይደለም፤ ማሽኑን የሚያዝዘው እሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሊዋሽ አይችልም። ከቢፒአሩ ጥራዝ የሚለየውም በዚህ ነው።

የዛሬዎቹ የቢሮ መሣሪያዎች የዚህ ዘር ናቸው፤ ራሳቸው ግን ብዙ ጊዜ አያስታውሱትም። በመሐል ያለው ታሪክ ረጅም ስለ ሆነ በሩጫ ላልፈው፦ ናሽናል ኢንስትሩመንትስ ለላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ላብቪው፣ የአይቢኤም መሐንዲሶች በ2013 ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት ኖድ-ሬድ፣ በ2019 በርሊን ላይ የተጀመረው ኤንኤይትኤን። በኤንኤይትኤን ላይ አንድ ሥራ ሲሄድ የተሳኩት ሳጥኖች አረንጓዴ፣ የከሸፈው ቀይ ይሆናል፤ በመስመሮቹ ላይም ስንት መዝገብ እንዳለፈ ቁጥሩ ይጻፋል። የፋብሪካው ተረኛ ያየው የደበዘዘ መቀያየሪያ የልጅ ልጅ ይህ ነው።

አንድ የተለመደ ሥራ ወስደን ነገሩ የሚከብደው የት ላይ እንደ ሆነ እንመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ወላጅ የወሩን ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፍላል፤ የደረሰኙን ስክሪንሾት በቴሌግራም ለትምህርት ቤቱ ይልካል፤ ገንዘብ ያዥዋ ስክሪንሾቱን አይታ የተማሪውን ስም ኤክሴል ላይ ትፈልጋለች፤ «ከፍሏል» ትላለች፤ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ይህን በሥዕል መንደፊያ መሥራት ለጀማሪም አንድ ከሰዓት በቂ ነው። አራት ሳጥን ነው፦ የክፍያ ማሳወቂያ ሲደርስ፣ ተማሪውን ፈልግ፣ መዝግብ፣ ለወላጅ መልእክት ላክ። በሙከራ ጊዜ አራቱም አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ርእሰ መምህሩም ይደሰታሉ። የማስታወቂያዎቹ ቪዲዮ የሚያልቀውም እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ መስከረም ይገባል። «ተማሪውን ፈልግ» የሚለው ሳጥን በስም ይፈልጋል። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የልጅና የአባት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት መገኘታቸው የተለመደ ነው። ወላጅ «ፀሐይ» ብሎ ሲጽፍ መዝገቡ ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ከሆነ፣ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የአንድ ስም አጻጻፍ ብዛት እንደ ጸሐፊው ነው። አንድ ወላጅ ለሁለት ልጆች አንድ ላይ ከፍሎ ይሆናል፤ ሌላው ግማሹን ከፍሎ ይሆናል። የክፍያው ድርጅት ማሳወቂያ ልኮ መልስ ሲያጣ እንደገና ይልካል፤ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ያልገባ ገንዘብ ገብቷል ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከመመዝገብ በፊት የግብይት ቁጥሩ ቀድሞ መኖሩን የሚጠይቅ አንድ ሳጥን ማስገባት ነው፤ ሰው ግን ሳጥኑን የሚያስገባው ችግሩን ካሰበው ነው፤ ሥዕሉ አያስብለትም።

የጊዜው ነገር ደግሞ ለብቻው ይነሣ። ያልከፈሉ ወላጆችን በየወሩ መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የሚያስታውስ ሳጥን እንጨምር። መሣሪያው 2 ሰዓት የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አያውቀውም፤ 8 ብለን መጻፍ አለብን፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያን ያህል የማይታወቀው፣ ኤንኤይትኤን በራስ ሰርቨር ላይ ሲተከል ካልቀየርነው በቀር የሰዓት ቀጠናው የኒው ዮርክ መሆኑ ነው። 8 ብለን የጻፍነው ማስታወሻ አዲስ አበባ ላይ የሚደርሰው በእነሱ የቅዝቃዜ ወራት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሰዓታቸውን በሚያዞሩበት ወቅት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ነው። «በየወሩ መጀመሪያ» የሚለውም የሚቆጥረው የእነሱን ወር ነው። ጥቅምት 1 በአብዛኛው ኦክቶበር 11 ላይ ይውላል፤ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ፣ ሰኔ 1 ጁን 8 ላይ፤ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይዛ መሐል ትገባለች። አንድ ቋሚ ቀን መርጦ ማለፍ አይቻልም፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ ሳጥን መሠራት አለበት፤ እሱ ሳጥን ውስጡ ኮድ ነው። «ኮድ ሳይጽፉ» የሚለው ተስፋ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ የሥራው ጠባይ መሣሪያውን ከሠሩት ሰዎች አገር ጠባይ በሚለይበት ቦታ።

ይህን ያህል ከዘረዘርኩ፣ ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ጥቅሙ የሚታየው እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ ሲደርሱ ነው። ያው ሥራ በኮድ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ስሟ ያልተገኘላት የፀሐይ ክፍያ ሰርቨር ላይ ባለ የጽሑፍ መዝገብ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ሆና ትቀራለች፤ ገንዘብ ያዥዋ የምታውቀው ወላጅ ተቆጥቶ ሲመጣ ነው። በሥዕሉ ግን ሃምሳ ክፍያ ወደ «ፈልግ» ገብቶ አርባ ሰባት እንደ ወጣ መስመሩ ላይ ይነበባል። ሦስቱ የት ሄዱ ብላ መጠየቅ የምትችለው ቁጥሩን ስላየች ነው። ጥሩ ንድፍ አውጪ ደግሞ ከዚያ ሳጥን ሁለተኛ መስመር ያወጣል፤ ያልተገኙትን ስሞች ወደ ገንዘብ ያዥዋ ስልክ የሚልክ፣ እሷ በዓይኗ አይታ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» የምትልበት። እንግዲህ የንድፉ ዋና ክፍል ይህ ሁለተኛው መስመር ነው። ነገሩ ከእጅ ሲወጣ ወደ ማን እጅ እንደሚመለስ የማያሳይ ሥዕል፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ያላለቀ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። ከሁሉ የሚከብደው ሥዕል ከጽሑፍ ይልቅ ለመረዳት ይቀላል የሚለውን እምነት ራሱን የሚነካ ነው። ቶማስ ግሪንና ማሪያን ፔትሬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የላብቪው ሥዕሎችንና በጽሑፍ የተጻፉ ተመሳሳይ ፕሮግራሞችን ለሰዎች አሳይተው ነበር። «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የበዛበትን አመክንዮ ለመረዳት ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ላብቪውን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ዘገዩ። ከዚያ በፊት ቤን ሽናይደርማንና ባልደረቦቹ በ1977 ፍሎውቻርት ፕሮግራምን ለመረዳት የረባ እርዳታ አላገኘንበትም ሲሉ፣ ዴቪድ ስካንላን በ1989 ተቃራኒውን አግኝቷል። ለእኔ ማስረጃው የሚለው ይህ ነው፦ ሥዕል በባሕርዩ ግልጽ አይደለም። ጂል ላርኪንና ኸርበርት ሳይመን በ1987 እንዳስረዱት ሥዕል የሚጠቅመው አብረው የሚፈለጉ ነገሮችን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጥ፣ አንባቢው ከመፈለግ ሲድን ነው፤ ያውም የማንበቡን ልማድ ያዳበረ አንባቢ ከሆነ። ፔትሬም በኋላ ያሳየችው ባለሙያ የሣለው ሥዕል ከጀማሪው የሚለየው በአቀማመጡ መሆኑን ነው። ስልሳ ሳጥን በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሞላ፣ መስመሩ በመስመር ላይ ሲተላለፍ፣ ያንን ማንበብ የተጠላለፈ ሽቦ ከመፍታት አይተናነስም። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም። የተመራማሪዎቹ ጥያቄ አንድ ሰው የተወሳሰበውን አመክንዮ ከነቅርንጫፉ መረዳቱ ነበር። የተረኛው ኤሌክትሪሻንና የገንዘብ ያዥዋ ጥያቄ ግን ከዚያ የጠበበ ነው፤ የት ቆመ? ለዚህ ጥያቄ የቀለም ለውጥ ያለበት ሥዕል የሚያሸንፈው ነገር አላውቅም። ለተወሳሰበው አመክንዮ ደግሞ ጽሑፍ ይሻላል፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላው ቀመር በሃያ ሳጥን ከሚበተን በአንድ ሳጥን ውስጥ ኮድ ሆኖ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሁሉንም ነገር በሳጥን ካልሆነ የሚል ሰው መሣሪያውን ሃይማኖት አድርጎታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው፦ ያልሠለጠነ ሰው እጅ ላይ የገባ አውቶሜሽን አደገኛ ነው። የይለፍ ቃሉን ሳጥን ውስጥ ይጽፈዋል፤ የደንበኞችን መረጃ ለማያውቀው ኩባንያ ሰርቨር አሳልፎ ይሰጣል፤ አንድ ሺህ ሰው ጋ በስሕተት መልእክት ይልካል። እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ አደጋ ዛሬም አለ፤ ኤክሴል ውስጥ ማንም በማያያቸው ቀመሮች፣ በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ብቻ በሚገኙ ፋይሎች ተደብቆ አለ። ሥዕሉ አደጋውን ወደሚታይበት ቦታ ያወጣዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ነው። ሳጥኑ ለምን ቀይ እንደ ሆነ የሚያሳየው መስኮት የወላጁን ስም፣ ስልክና የከፈለውንም ገንዘብ አብሮ ያሳያል። ማየት እንዲቻል ባደረግን መጠን ሊታይ የማይገባውንም እናጋልጣለን። ስለዚህ መንገዱን የማየት መብትና በመንገዱ የሚያልፈውን የሰው መረጃ የማየት መብት መለየት አለባቸው፤ የመጀመሪያው ለብዙዎች፣ ሁለተኛው ለጥቂቶች። አንዳንድ መሣሪያዎች ይህን ለመለየት ያስችላሉ፤ ብዙዎቹ አያመቹም፤ ገዢ ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት አንዱ ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ጥገኝነትም ይነሣል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፓይፕስ የተባለው መሣሪያ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የሳጥንና የመስመር ትምህርት ቤት ነበር፤ በ2015 ተዘጋ፤ ሰዎች የሠሩት ሁሉ አብሮት ሄደ። ሥዕልህ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ብቻ የሚኖር ከሆነ የአንተ ነው ማለት ያዳግታል። በራስ ሰርቨር ላይ ሊተከሉ የሚችሉት፣ ሥዕሉንም እንደ ተራ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ የሚፈቅዱት ኖድ-ሬድና ኤንኤይትኤን በዚህ ይሻላሉ፤ ሰርቨሩን የሚንከባከብ ሰው ግን ይፈልጋሉ፤ የዶላር ክፍያ ለሚቸግረው ድርጅት ይህ ልውውጥ የሚያዋጣ ነው እላለሁ።

የመጨረሻው ተቃውሞ አዲስ ነው፦ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈለገውን ሥራ በቃል ሲነግሩት ኮዱን ይጽፋል፤ ታዲያ ሳጥን መጎተት ምን ያደርጋል? የሥዕሉ ጥቅም ኮድ ከመጻፍ ማዳኑ ቢሆን ኖሮ ይህ ተቃውሞ ነገሩን ይዘጋው ነበር። ክርክሬ ግን ሌላ ስለ ሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ማሽን የጻፈውን ኮድ ማንም ካላነበበው፣ ሥራው ጸሐፊም አንባቢም የሌለው ይሆናል። የመጻፉ ድካም በረከሰ ቁጥር የሚወደደው ማየቱ ነው። ማሽኑ ሥዕሉን ቢሥለው አይከፋኝም፤ ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት ገንዘብ ያዥዋ ሦስቱ ያልተገኙ ስሞች የት እንደሚሄዱ በጣቷ ተከትላ እንድትጠይቅ እስካስቻላት ድረስ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ላለው ሰው ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ በማሽን ብቻ የተወሰነበት ሰው ውሳኔው በምን አመክንዮ እንደ ተሠራ ትርጉም ያለው ማብራሪያ እንዲሰጠው ያዛል። አንድ ሺህ መስመር ኮድ ትርጉም ያለው ማብራሪያ አይሆንም፤ በጥንቃቄ የተሣለ አሥር ሳጥን ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱን፣ የሚያስፈልገውን ሰነድና የሚፈጀውን ጊዜ ይዘረዝራል። ባለጉዳዩ ከቻርተሩ የሚያውቀው ጉዳዩ በሁለት ቀን ማለቅ እንዳለበት ነው፤ በአምስተኛው ቀን የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ግን አይነግረውም። ሥራው በሥዕል መንደፊያ በሚሄድበት መሥሪያ ቤት ይህን ለመመለስ አዲስ ነገር መሥራት አያስፈልግም፤ መልሱ ሥዕሉ ውስጥ ቀድሞ አለ። የባለጉዳዩን ስም ሳያወጡ በመዝገብ ቁጥሩ ብቻ የቆመበትን ሳጥን በመስኮቱ አጠገብ ባለ ስክሪን ላይ ማሳየት የአንድ ተጨማሪ መስመር ሥራ ነው። አይሆንም የሚል ኃላፊ ካለ፣ ምክንያቱን ከቴክኒኩ ውጭ መፈለግ ይኖርብናል።